ክረምት ሳይገባ
(የጎጃም ደጋ ቤተ ሰብ የዝግጅት ታሪክ)

በዓለም ላይ የሰውን ልጅ ቤትና ንብረት በአንድ ሌሊት ከሚያጠፉት የተፈጥሮ ኃይሎች አንዱ ከባሕር የሚነሣው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ነው። በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ሀሪኬን፥ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ሳይክሎን፥ በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ታይፉን ይሉታል። መምጣቱ በሬድዮ በተነገረ ጊዜ የዚያ አገር ሰዎች መስኮታቸውን በሳንቃ ይመታሉ፤ ውኃና ምግብ ያጠራቅማሉ፤ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ከጠረፍ አርቀው ከፍ ወዳለ ቦታ ያወጣሉ።

እንዲህ ያለው ዐውሎ ነፋስ ወደ ጎጃም ሊደርስ አይችልም። ኃይሉን የሚያገኘው ሙቀቱ 26 ወይም 27 ዲግሪ ከደረሰ የባሕር ውኃ ስለ ሆነ፥ ወደ የብስ በገባ ጊዜ ማገዶ እንዳጣ እሳት እየደከመ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ወደ አገራችን ከቀረቡት አንዱ ሳጋር የተባለው ነው። ይኸውም በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አልፎ የሶማሌላንድን ጠረፍ መታ፤ በዚያም በአስሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ዝናቡ እስከ ጅቡቲና እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቢደርስም ወደ እኛ ደጋ አልወጣም።

ታዲያ ከመጪ ኃይል ፊት ቀድሞ የመሰናዳት ታሪክ በእኛ ዘንድ የለም ማለት ነውን? አይደለም። የእኛ አባቶችና እናቶች በየዓመቱ የሚመጣውን፥ ቀኑ የታወቀውን፥ መንገድና ገበያ የሚዘጋውን ክረምትን ይሰናዱለት ነበር። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጎታና ስለ ኩበት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ይህንኑ ልናነሣ ወደናል።

አገሩና ክረምቱ

ከተማችን ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በስተሰሜን ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ አለ። ሙጋ፥ ሱሃ፥ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእርሱ እየፈለቁ ወደ አባይ ይወርዳሉ። በስተደቡብ ደግሞ ከአፋፉ እስከ ወለሉ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቀው የአባይ በረሃ አለ። ጎጃምን ከጣና ባሕር ጀምሮ በምሥራቅና በደቡብ አባይ እንደ ቀለበት ስለሚዞረው፥ አገሩ በበጋ የብስ፥ በክረምት ግን እንደ ደሴት ያለ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1 ሺህ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህም የሚበዛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወሮች ነው። በነዚያ ወሮች ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ወደ ደጋችን ይወጣና ቀዝቅዞ ዝናብ ይሆናል። ዝናቡ በረዶና መብረቅም ይዞ ይመጣል። የአንድ ሰዓት በረዶ የአንድ ዓመት እህል ሊያጠፋ እንደሚችል ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

የተዘጋ በር

ክረምት በታሪካችን ውስጥ የነበረው ሥልጣን ቀላል አልነበረም። የጥንት ነገሥታት በበጋ ከድንኳን ወደ ድንኳን እየዞሩ ሲዘምቱ ቢከርሙም፥ ክረምት ሲቃረብ ሠራዊቱን አሰናብተው በአንድ ከተማ ይቀመጡ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት ጎንደርም ከእንዲህ ያለው የክረምት መቀመጫ ተነሥታ ዋና ከተማ ለመሆን በቅታለች።

በእኛው አገርም ምሳሌ አለ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ነገሡ፤ መንቆረር ትባል የነበረችውም ከተማ ደብረ ማርቆስ ተባለች። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1874 ዓ.ም.፥ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ከአባይ ማዶ በእምባቦ ተዋግተው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። ጦርነቱ የተደረገው በክረምት መግቢያ ላይ ነበር። አባይ ከሞላ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ሠራዊቶች በዚያ ሜዳ ለመገናኘት እጅግ በተቸገሩ ነበር።

ነጋዴም እንደ ወታደሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ እጅግ የታወቀ ነበር። ከአባይ ማዶ ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣበታል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርድበታል። ዳሩ ግን አባይ ሲሞላ መልካው ይጠፋል፤ ሲራራ ነጋዴውም ባለበት ይከርማል። በ17ኛው መቶ ዓመት ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች በአላታ፥ ከዚያም ወደ ታች ዛሬ ሰባራ ድልድይ በሚባለው ቦታ የድንጋይ ድልድዮች ተሠርተው ነበር። እነዚህ ግን የሚያገናኙት ጎጃምን ከበጌምድር ጋር እንጂ፥ በደጀን በኩል ወደ ሸዋ የሚያሻግር አልነበሩም። እንግዲህ በሰኔ ጨው ያልገዛ ቤተ ሰብ እስከ መስከረም ያለ ጨው ሊበላ ይችል ነበር።

የቤት ውስጥ ዘመቻ

ከዚህ የተነሣ በየቤቱ የሚደረገው ዝግጅት ከዘመቻ አያንስም ነበር። የሚጀመረውም ዝናቡ ሲያጉረመርም ሳይሆን ገና በበጋው፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው።

መጀመሪያ ማገዶ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች በበጋው ኩበት ጠፍጥፈው ያደርቁና ዝናብ እንዳያገኘው ከጣራ ሥር ይከምሩታል፤ እንጨትም ይፈለጣል። በሐምሌ እርጥብ እንጨት የያዘች ቤት ጢስ እንጂ እሳት የላትም።

ሁለተኛው ቤቱ ነው። አባወራው የሣር ክዳኑን በግንቦት ይመለከታል፤ የሳሳውን በአዲስ ሣር ያድሳል፤ ግድግዳው የተሰነጠቀውን በጭቃ ይመርጋል። በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፍራል። በእርሻውም ላይ ውኃው እንዳይተኛበት ፈሰስ ያወጣል። ጭዱና ገለባው ለከብቶቹ ይከመራል፤ በሬ በሐምሌ ከከሳ እርሻው ይቀራል።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ የእህሉ ሒሳብ ነው። በታኅሣሥና በጥር የተወቃው እህል እስከሚመጣው መኸር ድረስ ሊያደርስ ይገባዋል። እህሉ ከውጭ በጎተራ፥ ከውስጥ በጭቃና በጭድ በተሠራ ጎታ ይቀመጣል። እመቤቲቱ ለዘር የሚሆነውን ለይታ ታስቀምጣለች፤ ልጅ ቢርበውም እንኳ ዘር አይነካም። ዘር የበላ ቤት ዘንድሮ ቢጠግብ ከርሞ ይራባልና። ከቀረውም ለበዓል፥ ለእንግዳና ለደቦ የሚሆነውን ትቀንሳለች። ይህን ሁሉ ያለ ብዕርና ያለ ወረቀት፥ በስፍርና በቁና ታሰላው ነበር። እኛ በክፍል ውስጥ ሒሳብ ስንማር፥ አያቶቻችን ስሌቱ ቢሳሳት ማርክ የሚያጎድል ሳይሆን ልጅ የሚያስርብ ሒሳብ ይሠሩ እንደ ነበር ልናስብ ይገባናል።

አራተኛው ፀሐይ የሚሻው ሥራ ነው። በርበሬው ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሽሮው ይከካል፤ ጌሾውና ብቅሉ ይሰናዳል። ፀሐይ ከጠፋች በኋላ ይህ ሁሉ አይሆንም። ለእረኞች ልጆችም ከሣር የሚታታው ገሳ ይዘጋጅላቸዋል፤ ለሽማግሌዎችም ባናና ደበሎ ይወጣል። በረዶውን በጸሎትና በምሕላ የሚመልስ ሰው የሚፈለግበትም አገር ነበር።

ይህም ሁሉ ሥራ በአንድ ቤት ጉልበት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ክዳን የሚከደነው፥ እርሻ የሚታረሰው በደቦና በወንፈል ነበር። ባል የሞተባት ሴት ወይም ጉልበት የከዳው ሽማግሌ ክዳን ቢያፈስ፥ ዝናብ ሳይገባ ጎረቤት ተሰብስቦ ይከድንለት ነበር። “የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ” የሚለው ተረት ትዕግሥትን ለማስተማር የሚነገር ቢሆንም፥ የሚያልፈውን ዝናብ የሚያሳልፍ ጣራና ጎረቤት ያለው ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም።

ዝግጅት ያልበቃበት ዘመን

ነገር ግን ታሪክ የሚነግረን ደጉን ብቻ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን በአገራችን ክፉ ቀን ይባላል። በዚያ ጊዜ በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ በመላው ኢትዮጵያ ተዛመተ፤ ከከብቱም እጅግ የሚበዛውን ጨረሰ። በዚያ ላይ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። በሬ የሌለው ገበሬ ዘር ቢኖረውም የሚዘራበት አልነበረውም። ከአገሩ ሕዝብ አንድ ሦስተኛው ያህል እንዳለቀ ይገመታል።

ከዚህ የምንማረው ብርቱ ነገር ነው። በጎተራ የሚደረግ ዝግጅት የሚያድነው ከለመዱት ክፉ ነገር ብቻ ነው። ክረምት በየዓመቱ ይመጣልና አባቶቻችን ያውቁት ነበር። የከብቱ በሽታ ግን ከሩቅ ሲመጣ ወሬውን ቀድሞ የሚያደርስ ሽቦም፥ ክትባትም፥ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል የሚያመላልስ መንገድም አልነበረም። የሰው ትጋት አላነሰም፤ ያነሰው ማስጠንቀቂያና እርስ በርስ መደራረሻ ነው።

ሌሎችም አገሮች ይህንኑ በመከራ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1900 በአሜሪካ በቴክሳስ አገር የጋልቬስተንን ከተማ ሀሪኬን መታትና ቢያንስ 6 ሺህ ሰዎች ሞቱ። የኩባ የአየር ሁኔታ ዐዋቂዎች የነፋሱን መንገድ አስቀድመው ቢገምቱም፥ የአሜሪካ ሹማምንት ቃላቸውን አልሰሙም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ደግሞ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር በአንድ ሳይክሎን 300 ሺህ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ያች ድኻ አገር በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሰለጠነች፤ መጠለያዎችም ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ወደ መጠለያ ስለ ገቡ፥ በዚያች አገር የሞቱት በአስሮች ብቻ የሚቆጠሩ ሆኑ። ነፋሱ ኃይሉን አልተወም፤ ሰዎቹ ግን ቃሉን በጊዜው ሰሙ፥ የሚሄዱበትም ነበራቸው።

የዛሬው ክረምት

ዛሬ አባይ እንደ ጥንቱ አይዘጋም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ድልድይ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ሥራ ጀመረ። በከተማችን የሣር ክዳን ፈንታ ቆርቆሮ በዝቷል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ሳይገባ ትንበያውን ያስታውቃል። “ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” ይባልለት የነበረው ወንዝም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ማደሪያ አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ዝግጅቱ አልቋል ማለት አይደለም። ድልድይ የሌላቸው ትናንሽ ወንዞች ዛሬም በሰኔና በመስከረም ይሞላሉ፤ ስንቃቸውን ተሸክመው ከገጠር ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች ከወንዝ ዳር ቆመው ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። በቁልቁለት ላይ ያለ ልክ የወጣ ፈሰስ ዓመት ሳይቆይ ቦረቦር ይሆናል፤ የጮቄም ለም አፈር ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። አባቶቻችን ክረምቱን ለመጪው መኸር ይሰናዱለት ነበር፤ እኛ ደግሞ ለመጪው ትውልድ አፈር ልንሰናዳ ይገባናል። እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል ለእኛ ዘመን እንደ ክዳን ማደስ ያለ ሥራ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ ውድ ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ስንጽፍ የጥንቱ ኑሮ ሁሉ ይመለስ ማለታችን አይደለም። ጢሱንም፥ የወፍጮውን ድካምም ማንም አይመኝም። ነገር ግን ቀድሞ የማሰብን ልማድ፥ ዘርን ከመብል የመለየትን ጽናት፥ የጎረቤትን ጣራ ከዝናቡ በፊት የማየትን ደግነት ከነጎታው ልንጥለው አይገባንም። በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን ዘንድ ቀርበን፥ ስንት ቁና ለዘር፥ ስንት ለቀለብ፥ ስንት ለደቦ ይቀመጥ እንደ ነበር ጠይቀን በደብተራችን እንጻፈው። እነርሱ በልባቸው የያዙት ሒሳብ ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ያልፋልና።