የጉራጌ ነጋዴና የአገር ቤቱ ገበያ

አታት በቸሃ ምድር፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ስትሆን፣ በይበልጥ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1969 በተቋቋመው ሆስፒታሏ ነው። በነጋዴነቱ ስሙ በገነነ ሕዝብ መካከል ያለች ይህች ስፍራ ስለ ምን ትልቅ የንግድ ከተማ እንዳልሆነች ለመረዳት ግን የአገሩን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ሰባት ቤት ጉራጌ የሚባሉት አገሮች በምኒልክ መንግሥት ሥር ከመጠቃለላቸው በፊት በየራሳቸው አለቆች የሚተዳደሩ ትናንሽ አገሮች ነበሩ። ነጋዴ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጠብቀው አንድ ሕግ አልነበረም፤ የባሪያ ፈንጋይም መንገዱን ያስፈራ ነበር። እንሰትም ቤተሰብን ከረኀብ ያድናል እንጂ ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ ቆጮውም ከባድ ስለ ሆነ እንደ ቡና ወይም እንደ ቆዳ ሩቅ ገበያ አይደርስም። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ራስ ጎበና ሐሰን እንጃሞን ድል ካደረጉ በኋላ ግን አገሩ ግብር በገንዘብ ይጠየቅ ጀመር፤ ገንዘቡም የሚገኘው አዲስ አበባ ነበር። ጉራጌ በተፈጥሮው ነጋዴ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ። አስቀድሞ የሄደው ለጉልበት ሥራ ነው፤ ሱቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባንክ የማያውቀው ሰው ካፒታል ያገኘው በዕቁብ ነው። አባላቱ እኩል እያዋጡ ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣ የደረሰውም ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ዋስትናው በመተዋወቅ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ለሱቅ በቂ ነው፤ ፋብሪካ ለመትከል ግን አይበቃም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመርካቶ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው የጉራጌን መንገድ ማሠራት ጀመሩ፤ መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በመዋጮ ተሸከሙት ማለት ነው። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አዋጅ የጅምላ ነጋዴን ካፒታል በ300,000 ብር፣ የችርቻሮውን በ200,000 ብር ወሰነ፤ አንድ ሰውም ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይይዝ ከለከለ። እንግዲህ በመርካቶ ፈቃድ ያለው ሰው ትርፉን አታት ወስዶ በስሙ ሌላ ንግድ ልክፈት ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም። ገደቡ የላላው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ነጋዴው ለአገር ቤቱ የሚተርፈውን ገንዘብ ለመስቀል በሬና ለቤት ሥራ ያውለው ነበር።