የመድረክ ንድፍ እና የድምፅ ግብዓት ዝርዝር

የመድረክ ንድፍ አንድ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ማን የት እንደሚቆም፣ የትኛው መሣሪያ የት እንደሚቀመጥ፣ ሞኒተርና የኤሌክትሪክ ሶኬት የት የት እንደሚያስፈልግ ከአናት ሲታይ እንደሚመስለው አድርጎ የሚያሳይ የአንድ ገጽ ሥዕል ነው። በእንግሊዝኛ ስቴጅ ፕሎት ይባላል። ከእሱ ጋር የሚሄደው ኢንፑት ሊስት ደግሞ ከመድረኩ ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን እያንዳንዱን ድምፅ በቻናል ቁጥር የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ እዚህ «የድምፅ ግብዓት ዝርዝር» ተብሏል። «ግብዓት» ብቻውን ሲነገር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ወይም የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ስለሚታሰብ «የድምፅ» የሚለውን ማስቀደሙ ይሻላል። «ማይክ»፣ «ሚክሰር»፣ «ቻናል» እና «ሞኒተር» ግን ሙዚቀኛውም የድምፅ ባለሙያውም በየቀኑ የሚጠሩዋቸው ቃላት ስለሆኑ እንዳሉ ይቀጥላሉ።

ሁለቱም ወረቀቶች የሚዘጋጁት ባንዱን አይቶት ለማያውቅ ባለሙያ ነው። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን እንደነበረው በአንድ ቤት ለዓመታት የሚጫወት ባንድ፣ ድምፁን የሚቆጣጠረው ሰው ጠባዩን ስለሚያውቀው ወረቀት ብዙም አያስፈልገውም። ጉዞ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያው ባንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገር እንደገጠመው፣ በየከተማው መድረኩም ባለሙያውም አዲስ ይሆናሉ። ዛሬ አንድ ባንድ ለበዓል ዝግጅት ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሲጠራ፣ ወይም አውሮፓ ውስጥ በአንድ ፌስቲቫል ላይ ሲጋበዝ፣ አዘጋጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህን ሁለት ገጾች ነው። ራይደር ከሚባለው የውል አባሪ ጋር ተያይዘው ይላካሉ። የአዳራሹ ሰዎች ማይክ፣ ማቆሚያና ኬብል የሚቆጥሩት፣ የሚጎድለውን የሚከራዩትና ገመዱን የሚዘረጉት በእነዚህ ገጾች መሠረት ነው። በፌስቲቫል ላይ ለአንድ ባንድ የሚሰጠው የመሰናዶ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ የዝርዝሩ ጥቅም ባንዱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሥራው መጀመሩ ነው።

ንድፉን ለመሥራት የሥዕል ችሎታም ልዩ ሶፍትዌርም አያስፈልግም። በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ሰፊ አራት ማዕዘን ይሠመራል። የታችኛው መስመር የመድረኩ ፊት ሲሆን የላይኛው ደግሞ የመድረኩ ኋላ ነው። ከታችኛው መስመር ሥር «ተመልካች» ተብሎ በጉልህ ይጻፋል። ይህች አንዲት ቃል የምታስቀረው ስሕተት ቀላል አይደለም፤ የመድረክ ቀኝ የሚባለው ሙዚቀኛው ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ሲቆም በቀኝ እጁ በኩል ያለው ወገን ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን በአንባቢው ግራ ይታያል። ይህ ካልተገለጸ የቤዙ አምፕሊፋየር ገመዱ ሁሉ ተሰክቶ ካለቀ በኋላ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የሚጓዝበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ሁለት ጎኖችም «የመድረክ ቀኝ» እና «የመድረክ ግራ» ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነው።

ለምሳሌ 11 አባላት ያሉት አንድ ባንድ ይወሰድ። ድራሙ ከኋላ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ድራመር ሃይሃቱ በግራው ስለሚሆን፣ ቤዝ ጊታር በመድረክ ግራ ከሃይሃቱ አጠገብ ይቆማል፤ ሁለቱ እየተያዩ ምቱን እንዲይዙ። ሊድ ጊታር ከቤዙ ቀጥሎ ይመጣል። ኪቦርድና ሳክስፎን በመድረክ ቀኝ፣ ከበሮ በድራሙና በኪቦርዱ መካከል ይሆናሉ። ፊት ለፊት መሃል ላይ ድምፃዊው፣ በቀኙ ክራር፣ በግራው ማሲንቆ ይቆማሉ። ሁለቱ ተቀባዮች ከክራሩ በስተኋላ ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የመሣሪያው ስምና የተጫዋቹ ስም ይጻፋል፤ ባለሙያው ሙዚቀኛውን በስሙ ሲጠራው ሥራው ይፈጥናል። ድራመሩ ግራኝ ከሆነ ይህም መጻፍ አለበት፤ የማይኮቹ አቀማመጥ በሙሉ ይገለበጣልና።

የኢትዮጵያ ባንዶች ንድፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ነገር ባዶ ቦታ ነው። ተወዛዋዦች አብረው የሚወጡ ከሆነ በድምፃዊውና በኋለኛው ረድፍ መካከል ሞኒተርም ገመድም የማይገባበት ስፍራ ተከልሎ «ውዝዋዜ፣ ባዶ ይሁን» ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል። እስክስታ የሚወርድ ሰው እግር ሥር ኬብል መተው አደጋ ነው። ባዶ ቦታ በሥዕሉ ላይ ምልክት ከሌለው ደግሞ ማንኛውም ሰው ሣጥን ያስቀምጥበታል።

ኤሌክትሪክ የሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ በትንሽ ምልክት ይታያል፦ ጊታር አምፕሊፋየር፣ ቤዝ አምፕሊፋየር፣ ኪቦርድ፣ በእግር የሚረገጡ የኢፌክት መሣሪያዎች። ሙላቱ አስታጥቄ ስሙን የተከለበትን ቫይብራፎን የሚጠቀም ባንድም ሶኬት መጠየቁን መርሳት የለበትም፤ ድምፁን የሚያርገበግበው ሞተር በኤሌክትሪክ ነው የሚሽከረከረው። ከአገር ለሚወጣ ባንድ የቮልቱ ልዩነትም ይታሰብበታል። በኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ በአውሮፓ 230 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። አስማሚው ላይ ከ100 እስከ 240 ተብሎ የተጻፈበት ኪቦርድ ሁሉም ቦታ ይሠራል፤ በ220 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልግ በንድፉ ላይ ይጠቀሳል።

የድምፅ ግብዓት ዝርዝሩ አምስት ዓምዶች ይበቁታል፦ የቻናል ቁጥር፣ የድምፁ ምንጭ፣ ማይክ ወይም ዲአይ (ከታች ይብራራል)፣ የማቆሚያ ዓይነት፣ ማስታወሻ። ቅደም ተከተሉን የዓለም የድምፅ ባለሙያዎች በልማድ አጽንተውታል፦ ድራም ይቀድማል፣ ቤዝ ይከተላል፣ ጊታርና ኪቦርድ፣ ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ የሰው ድምፅ መጨረሻ። ልማዱን መከተል ጥቅም አለው፤ ባለሙያው እጁን ወዴት እንደሚሰድ ሳያስብ ያውቀዋል። ከላይ በተጠቀሰው ባንድ፣ 1 የድራሙ ኪክ፣ 2 ስኔር፣ 3 ሃይሃት፣ 4 ትንሹ ቶም፣ 5 ትልቁ ቶም፣ 6 እና 7 ከሲምባሎቹ በላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት ማይኮች፣ 8 ከበሮ፣ 9 ቤዝ፣ 10 ሊድ ጊታር፣ 11 እና 12 ኪቦርድ ግራና ቀኝ፣ 13 ሳክስፎን፣ 14 ክራር፣ 15 ማሲንቆ፣ 16 ድምፃዊ፣ 17 እና 18 ተቀባዮች ይሆናሉ። ማሲንቆ ተጫዋቹ እንደ አዝማሪ እየመታ የሚያዜም ከሆነ ለአፉ ሌላ ማይክ ስለሚያስፈልግ ዝርዝሩ ወደ 19 ከፍ ይላል።

አዳራሹ 16 ቻናል ብቻ ያለው ሚክሰር ይዞ ሲገኝ ምን እንደሚቀነስ መወሰን ያለበት ባንዱ ራሱ ነው። ውሳኔውም ቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል። ከሲምባሉ ማይኮች አንዱን ማንሳትና ኪቦርዱን በአንድ ገመድ ማስገባት 18ቱን ወደ 16 ያወርደዋል፤ አድማጩም ብዙ አይጎድልበትም። ከዚህም በላይ ከጠበበ ሃይሃቱ ይውጣ፤ ድምፁ በሌሎቹ የድራም ማይኮች ውስጥ ይገባል። ይህ ካልተጻፈ፣ በችኮላ የሚቀንሰው ሰው የሚነካው የማያውቀውን መሣሪያ ይሆናል። የሚጎዱትም ክራሩና ማሲንቆው ናቸው። ማሲንቆ የያዘ ሰው መድረክ ላይ እያየ ማሲንቆውን ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚመለስ አድማጭ ያሳዝናል፤ በአንድ መስመር ማስታወሻ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው።

ዲአይ የሚባለው ትንሽ ሣጥን በጃክ የመጣውን የመሣሪያ ምልክት ተቀብሎ ሦስት እግር ባለው የኤክስኤልአር ኬብል ወደ ሚክሰር የሚያሻግር ነው። በረጅም ርቀት ላይ ጫጫታ እንዳይገባና ድምፁ እንዳይደበዝዝ ያደርጋል። ለቤዝ፣ ለኪቦርድና ለክራር ይጠየቃል። ክራር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆዳው ላይ ወይም በሣጥኑ ውስጥ የሚለጠፍ የፒዬዞ ፒክአፕ ያለው ክራር ከተራ ዲአይ ጋር ሲገናኝ የታችኛው ድምፁ ይጠፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል፤ የመግቢያ ተቃውሞው ከ1 ሜጋኦም የማያንስ አክቲቭ ዲአይ ያስፈልገዋል። አክቲቭ ዲአይ ደግሞ በባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በሚላክ 48 ቮልት ስለሚሠራ፣ በማስታወሻው ዓምድ «አክቲቭ ዲአይ፣ 48 ቮልት» ተብሎ ይጻፋል። አብዛኛው ኮንደንሰር ማይክም ይህንኑ 48 ቮልት ይፈልጋል፤ እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ግን አያስፈልገውም።

ባዕድ አገር ላለ ባለሙያ «ከበሮ» ወይም «ማሲንቆ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ማስታወሻው መሣሪያው እንዴት እንደሚጮህ ይገልጻል፦ ከበሮ በሁለት ወገን ቆዳ የተወጠረበት፣ በእጅ የሚመታ፣ ወፍራሙ ድምፅ ከሰፊው ፊት የሚወጣ፤ ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያለው፣ በደጋን የሚመታ፣ ድምፁ በቆዳ ከተሸፈነው ሣጥን የሚመጣ። ማይኩ ወደ ማሲንቆው ቆዳ አቅጣጫ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ የደጋኑን መንገድ ሳይዘጋ እንደሚተከል መጻፍ ይጠቅማል። ተጫዋቹ ተቀምጦ ከሆነ አጭር ማቆሚያ፣ ቆሞ ከሆነ ረጅም ይጠየቃል። ከበሮውን በትከሻው አንግቶ የሚንቀሳቀስ ከበሮ መቺ የቆመ ማይክ ስለማይከተለው፣ ከጠርዙ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ማይክ ይፈልጋል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ካለ በየቅኝቱ የተለያዩ ዋሽንቶችን ስለሚቀያይር፣ አንድ ማይክ በተጣጣፊ ማቆሚያ ላይ ይበቃዋል፤ ቻናሉ አንድ ብቻ ነው። የመሣሪያው ፎቶግራፍ ከዝርዝሩ ጋር ቢላክ ብዙ ማብራሪያ ያስቀራል።

ሞኒተር ሙዚቀኛው ራሱንና ባልደረቦቹን የሚሰማበት ወደ እሱ የዞረ ስፒከር ነው። በንድፉ ላይ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሣላል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ቁጥሩ የስፒከሩን ብዛት ሳይሆን የድምፁን ቅልቅል ያመለክታል፤ ሁለቱ ተቀባዮች አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰሙ ከሆነ ሁለት ስፒከር በአንድ ቁጥር ይጠራሉ። ከሥዕሉ ግርጌ ማን ምን መስማት እንደሚፈልግ በአጭሩ ይሰፍራል፦ ለድምፃዊው የራሱ ድምፅና ኪቦርድ፣ ለድራመሩ ቤዝና ክራር፣ ለማሲንቆው የራሱ ድምፅ በመጠኑ። «በመጠኑ» የተባለበት ምክንያት አለ፤ የማሲንቆ ቆዳ በፊቱ የተቀመጠ ስፒከር ሲጮህበት አብሮ ስለሚርገበገብ ድምፁ ወደ ማይኩ ተመልሶ የሚያፏጭ ጩኸት ይፈጥራል። የስፒከሩ አቀማመጥም በማይኩ ዓይነት ይወሰናል። ኤስኤም58 ከበስተጀርባው ያለውን ድምፅ ስለማይቀበል ሞኒተሩ በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጣል፤ ቤታ 58 የተባለው የሹር ማይክ ደግሞ ከኋላው ትንሽ ስለሚሰማ ሞኒተሩን ከመሃል ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ ይሻላል። ድምፃዊው የራሱን ማይክ ይዞ የሚጓዝ ከሆነ ስሙን በዝርዝሩ ላይ ማስፈር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በሁለቱም ገጾች አናት ላይ የባንዱ ስም፣ ስለ ድምፅ የሚጠየቀው ሰው ስልክ፣ የአባላቱ ብዛትና ወረቀቱ የተዘጋጀበት ቀን ይጻፋል። ወደ ውጭ በሚላክ ወረቀት ላይ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ለኢትዮጵያዊ 9 ሰዓት ላይ ያለ የድምፅ ሙከራ ለአዳራሹ ሰዎች ከቀኑ 3 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ባዶ መድረክ የሚጠብቅ ባለሙያ እንዳይኖር አስቀድሞ ይስተካከላል። በሥዕሉ ላይ ከእያንዳንዱ መሣሪያ አጠገብ የቻናል ቁጥሩ ከተጻፈ ባለሙያው አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር ወዲያው ያገናዝባል። አንድ አባል ሲለወጥ ወይም መሣሪያ ሲጨመር ሁለቱም ገጾች አብረው ይታረማሉ፣ አዲስ ቀን ይጻፍባቸዋል፤ አዘጋጁም የቀድሞውን እንዲጥል ይነገረዋል።