አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሞላው መቼ ነው?

ቀድሞ በአገራችን ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነበር። የልደት ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። በጋሞ ደጋም «ከተማው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በወረደ ዓመት፥ ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው» ተብሎ ዕድሜ ቢቈጠር የሚያስደንቅ አይደለም።

በስፖርት ግን ዕድሜ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃን ከፈጸመ አራት ዓመት ያልሞላውን ወጣት በደመወዝ አያጫውትም ነበር። (እዚህ ላይ ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህን ደንብ የተከራከረው ስፔንሰር ሄይውድ ነው፤ በሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ እናቱ ካሳደገቻቸው አሥር ልጆች አንዱ ነበር። በ1970 ከሲያትል ቡድን ጋር ተዋዋለ፤ በ1971 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲጫወት የሚፈቅደውን ትእዛዝ አጸናለት። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ችግረኛነቱን ያስረዳ ወጣት ቀድሞ እንዲገባ ፈቀደ። ድኽነትም በማስረጃ ሆነ ማለት ነው! በ1995 ኬቪን ጋርኔት፥ ኋላም ሌሎች፥ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ገቡ። በ2005 ግን ደንቡ ጠበቀ፤ ተመራጩ በምርጫው ዓመት ውስጥ 19 ዓመት የሚሞላው፥ አሜሪካዊም ከሆነ ክፍል ጓደኞቹ ሁለተኛ ደረጃን ከፈጸሙ አንድ ዓመት ያለፈ መሆን አለበት።

«በዓመቱ ውስጥ» የሚለው ቃል ለእኛ ትልቅ ነገር አለው። በአርባ ምንጭ አንዱ ልጅ ታኅሣሥ 22፥ ሌላው በማግሥቱ ታኅሣሥ 23 ቢወለዱ በእኛ አቈጣጠር የአንድ ወር ልጆች ናቸው። በአውሮፓውያን ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ታኅሣሥ 31፥ ሁለተኛው ጥር 1 ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለተኛው አንድ ሙሉ ዓመት ይጠብቃል። ከ20 ዓመት በታች ለሚሮጡትም ዕድሜ የሚለካው በዚያው በዓመቱ መጨረሻ ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ቀኑ ለታወቀ ነው። ዕድሜውን የቀነሰ ሰው የእውነተኛውን ወጣት ቦታ ይወስዳል፤ ወረቀት የሌለው እውነተኛም ይጠረጠራል። ስለዚህ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር በ2009 ከ17 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በመሣሪያ መመርመር ጀመረ። በጆሮ ፈንታ አጥንት መጣ።

በአገራችን የልደት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው በመላው አገር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ የተወለደም መመዝገብ ይችላል፤ ነገር ግን ቀኑን ብዙ ጊዜ የሚናገረው የእናት ትዝታ ነው። በነሐሴ 2008 ተወልዶ ወዲያው የተመዘገበ ልጅ 19 ዓመት የሚሞላው በነሐሴ 2027 ዓ.ም. ነው።