ሥቃይን ስለ ማስታገሥ፤ የኡጋንዳ ታሪክ

ኦፒየም ከሚባለው የአበባ ሙጫ ሞርፊንን ለይቶ ያወጣው፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የኖረው ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ፍሪድሪክ ዜርቱርነር ነው። ሞርፊን ደዌውን አይፈውስም፤ በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል ውስጥ የሚተላለፈውን የሥቃይ መልእክት ያለዝባል እንጂ። ይህ ዕውቀት ከመቶ ዓመት በላይ ሲኖር ሳለ፥ በምሥራቅ አፍሪካ ገጠር በካንሰር የተያዘው ድኃ እያቃሰተ ይሞት ነበር።

እ. ኤ. አ. በ1993 ዓ. ም. በሊቨርፑል የተወለዱት ሐኪም ዶክተር አን ሜሪማን በካምፓላ «ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በዚያም የሞርፊን ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ ሕመምተኛውም ያለ መርፌ፥ በቤቱ ሆኖ ይጠጣዋል። ብርቱውና ደካማው እንዳይምታታ ማቅለሚያ ይገባበታል፤ አረንጓዴው ደካማው ነው። ፊደል ላልቆጠረ አስታማሚ ቀለሙ ራሱ ጽሑፍ ሆነለት።

ይሁን እንጂ ነርስ ሞርፊን እንድታዝ ሕጉ አይፈቅድም ነበር፤ ሐኪም ደግሞ በገጠር ከወዴት ይገኛል? ሱስን የሚፈራው ብዙ ነበር፤ ፍርሃቱም ከንቱ ነው አይባልም፤ ግን ዋጋውን የሚከፍለው በሥቃይ ላይ ያለው ሰው ነበር። በ2004 የወጣው ደንብ ልዩ ትምህርት ለተማሩ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የማዘዝን ሥልጣን ሰጠ። ከዚህ በኋላ ጠርሙሱ በነርሷ ቦርሳ እስከ ጎጆው ይደርስ ጀመር።