የኮልፌ 428,895

የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ትዝ ይላችኋል? «መረጃ አያያዝ» የሚባለው ምዕራፍ፤ ባር ግራፉ፣ አማካዩ፣ ይሆናልነቱ። እስቲ ያንኑ በእኛው በኮልፌ ቀራንዮ እንሥራው።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጣሪዎች ቤት ለቤት ዞሩ። ከ1976ቱና ከ1987ቱ ቀጥሎ ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ 2,739,551 ሰው ተቆጠረ፤ ኮልፌ ብቻዋን 428,895! ያኔ ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አንደኛ እሷ፣ መጨረሻ ደግሞ አቃቂ ቃሊቲ ነበረች፤ በ181,270። በባር ግራፍ ብትሥሉት የኮልፌ ምሰሶ የአቃቂን ከእጥፍ በላይ ይረዝማል።

አማካዩስ? 273,955 ገደማ። ታዲያ አማካዩን ይዞ ለሁሉም እኩል ያከፋፈለ ሰው፣ ኮልፌን ከ150 ሺህ በላይ ነዋሪ አጎደለባት ማለት ነው። ይሆናልነቱም ያንኑ ይላል፦ በዕጣ አንድ አዲስ አበቤ ቢመረጥ፣ የኮልፌ ሰው የመሆን ዕድሉ ከመቶ 16 ያህል ነበር። እኩል ብንሆን ኖሮ 10 ነበር።

ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ቦኖ፣ ስንት አውቶቡስ የሚባለው በዚህ ስሌት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ግን ሲገፋ ቆይቶ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በድጋሚ አራዘሙት። እስካሁንም አልተካሄደም።

ስለዚህ ዛሬ «የኮልፌ ሕዝብ ይህን ያህል ነው» ቢሏችሁ፣ ትንበያ ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ከዚያች ግንቦት በኋላ የተወለደ የኮልፌ ልጅ ሁሉ በሕዝብ ቆጠራ አንድም ቀን አልተቆጠረም።