ረኃብና የምርጫ ድምፅ በላስታ ደጋ

መራጩ ሕዝብ ያለፈውን ዘመን አይቶ የሚሸልም ወይም የሚቀጣ ዳኛ ነው ያለው አሜሪካዊው ሊቅ ቪ. ኦ. ኪ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎችም መራጩ ከራሱ ኪስ ይልቅ የአገሩን ጠቅላላ ኑሮ እየመዘነ ድምፁን እንደሚሰጥ ጽፈዋል። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ እንላለን፤ ይኸውም ለምርጫ ከቀረቡት መካከል ስለ ኑሮው ተጠያቂ የሚኾን ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ለዚህም የ1965 ዓ.ም. ወሎን እንመልከት።

ሙጃ ዛሬ በሰሜን ወሎ የጊዳን ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ደጋ የሚኖር ገበሬ የበልግን ገብስ ተስፋ ያደርጋል፤ በልግ የቀረ እንደ ኾነ ክረምቱን የሚሻገርበት እህል አይኖረውም። የ1964 ዓ.ም. ክረምት በወሎ ተዛብቶ ሳለ በላዩ የ1965 በልግ ጠፋ። ሕዝቡ ከብቱን በርካሽ እየሸጠ ወደ ደሴ አውራ ጎዳና ወረደ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ቢያሳዩም መንግሥት ነገሩ እንዲገለጥ አልፈለገም።

የሕዝብ እንደራሴዎች አምስተኛ ምርጫ የተደረገው በዚያው በረኃቡ ወራት፣ በሰኔ 1965 ዓ.ም. ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወንድም ሴትም ይመርጣል። ተመራጩ ግን 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ሚኒስትሮችን የሚሾሙና የሚሽሩ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንግዲህ ልጁ የተራበበት ገበሬ በድምፁ ማንን ይቅጣ? እንደራሴው እህል የማዘዝ ሥልጣን የለው፤ ሥልጣኑ ያላቸው ደግሞ ለምርጫ አይቀርቡ።

ቅሬታው ድምፅ ካልኾነ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ፓርላማው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ዐዋጅ ባጸደቀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መልሱን በጠመንጃ ሰጠ፤ ውዝፉም የተሰረዘለት በዚያ እንጂ በእንደራሴዎቹ ብርታት አልነበረም። የወሎ ረኃብተኛ ግን ለዚህም ጉልበት አልነበረውም። ስለ እርሱ የፈረዱት ሌሎች ናቸው፤ በ1966 የተነሡት ወታደሮች፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች። የጆናታን ዲምብልቢ የረኃብ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ይህን ፍርድ የሰጡት ደርጎች እንጂ መራጮች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል።

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ የሚቀጣም የሚሸለምም ፓርቲ ነበረ። የአዲስ አበባ መራጭ የከተማይቱን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ለቅንጅት ሰጠ። በሰሜን ወሎ ግን ስሌቱ እንዲህ ቀላል አይመስለንም። ሴፍቲኔት የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ የምግብ ችግር ያለበት ቤተ ሰብ በቀበሌ ተመልምሎ ለሥራው ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። ኑሮው የከበደው ገበሬ የሚቀጣውን ወገን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ቢያገኝም፣ የስንዴውን ዝርዝር የያዘውም ያው ወገን ነበረ።