የቶጎ ውጫሌው ፎልደር

ኑ ጠጋ በሉ፣ ሻሂያችሁንም ያዙ፤ የዛሬው ወሬ ረጋ ብለው ካልሰሙት ውሉ የሚጠፋ ነው።

ካራማራን ከኋላ፣ ጅጅጋንም ከኋላ ትቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ሜዳው አያልቅም፤ በክረምት ስንዴው አረንጓዴ ያለብሰዋል፣ በበጋ ነፋሱ አቧራ ያነሳበታል፣ ግመሎችም አስፋልቱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ወደ 70 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዳችሁ ድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ ናት። በዚህ መንገድ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ በበጋ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ከነፋሱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ ረዳቱም ሒሳብ በሱማልኛ ሲጠይቃት በሱማልኛ፣ በአማርኛ ሲያሾፍባት በአማርኛ እየመለሰች ሄደች።

የጠሯት አንድ የትራንዚት ቢሮ ያላቸው አዛውንት ነበሩ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም፣ ኢንቮይሱም፣ የመኪናው ታርጋም የሚጻፈው በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ፎልደሩ ያለው ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው ሲስተም በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ገንዘብ ያዧ በዊንዶውስ ትሠራለች፣ ከሚኒያፖሊስ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ በማክ። «ልጄ፣ ፎልደሩ ጠፋ፣ ጭነቱ ቆሟል» አሏት ገና ከደጅ። እሷም «አዴር (አጎቴ)፣ መጀመሪያ ልቀመጥ» አለች፤ ተቀመጠችም፣ ሻሂ መጣላት፣ ከዚያም መጠየቅ ጀመረች።

ገንዘብ ያዧ ኮምፒውተሯ አዲስ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ፎልደሩን አንድም ቀን አልከፈተላትም። የማኩ ባለቤት ግን «ለኔ እስከ ትናንት ይከፍት ነበር» አለ። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው፤ ሁለት ጥፋት ባንድ ሳምንት ሲገጥሙ አንድ ይመስላሉና፣ አንዱን አክመው ሁለተኛው ሲያስቸግራቸው የመጀመሪያውም መድኃኒት አልሠራም ብለው ያፈርሱታል።

«መብራት መቼ ሄደ?» አለች። ማታ ሄዶ ሊነጋ ሲል መጥቷል። ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ሄደች፣ አድራሻውን አየች፤ ትናንት 192.168.1.7 የነበረው ዛሬ 192.168.1.23 ሆኗል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አድራሻውን እንደ አዲስ አድሎታል፣ ማኩም በአሮጌው አድራሻ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ቆይቷል። አዲሱን አስገባችለት፣ ተከፈተ፤ ልጁም እጁን አጨበጨበ። ያዧ ግን አላጨበጨበችም።

አሁን ወደ እሷ መጡ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ «ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ፣ ኤስኤምቢ አንድ የሚባለውን ማብራት ነው» አለ። ባለሙያዋም «ቆይ» አለች። እናንተም ቆዩ፤ ይህ ነገር ታሪክ አለው።

ኤስኤምቢ ማለት ኮምፒውተሮች ፋይል ሲጠያየቁ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ተጀመረ፣ ማይክሮሶፍትም ይዞት አደገ። በ1984 ዓ.ም.፣ እዚህ አገር መንግሥት ተለውጦ ዓመት ሳይሞላ፣ ካንቤራ አውስትራሊያ ውስጥ አንድሩ ትሪጅል የሚባል ተማሪ የሁለት ኮምፒውተሮችን ንግግር በሽቦው ላይ እያደመጠ፣ ማንም መጽሐፉን ሳይሰጠው ደንቡን ፈትቶ ጻፈው። ያ ሥራ ነው በኋላ ሳምባ የተባለው፤ የቶጎ ውጫሌው ኡቡንቱም ከዊንዶውስ ጋር የሚነጋገረው በእርሱ ነው። ከዚያም ዓመታት አለፉ፣ ደንቡ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ አወጣ፣ የመጀመሪያው ግን ሳይዘጋ ቆየ። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው በአሮጌው በር ገብቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ዘጋ፤ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፣ ያልጫነው ግን ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አሮጌውን ደንብ ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች አወጣው፣ ሳምባም በመስከረም 2012 ዓ.ም. በራሱ በኩል ዘጋው። ጎረቤት ኮምፒውተሮችን የሚዘረዝረው አሮጌ ዘዴም አብሮ ስለሄደ፣ ብዙ ሰው ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ፎልደሩ የጠፋ ይመስለዋል። ያን በር መልሶ መክፈት ሥራውን የሚያፋጥን ይመስላል፤ እኔ ግን የነጋዴ ደብተር ባለበት ቢሮ እንዲህ የሚመክርን ሰው አላምነውም።

ባለሙያዋ ዝርዝሩን ትታ «\\192.168.1.23» ብላ በእጇ ጻፈች። ዊንዶውሱ ደረሰ፣ ግን ያለ ስም አልገባም አለ። ደስ አላት። «አልተገኘም» ማለት መንገድ የለም ነው፤ «አልተፈቀደም» ማለት ደጁ ድረስ ደርሰሻል ነው። ፎልደሩ እስከዚያ ቀን ለማንም እንግዳ ክፍት ነበር፣ የያዧ አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ በእንግዳነት መግባትን አይቀበልም። ያዧ ኮምፒውተሯን የምትከፍትበትን የይለፍ ቃል ሞከረች፣ እምቢ አለ፤ ሳምባ የራሱ የስም መዝገብ አለውና። ባለሙያዋም በኡቡንቱው ላይ ስም ከፈተችላት፣ በሳምባው መዝገብም የይለፍ ቃል አስገባችላት፣ ከዚያም ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አዛውንቱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ያዧ አንድ ዲክላራሲዮን ከፍታ አንዲት ቁጥር አረመች፣ ልታስቀምጥ ስትል ግን ከለከላት።

«አዴር» አለች ባለሙያዋ፣ «ዕቃዎ ከዚህ ጅጅጋ ሲሄድ ስንት ኬላ ያልፋል? አንዱ አሳለፈ ማለት ሌላው አሳለፈ ማለት ነው?» አዛውንቱ ሳቁ፤ ኬላን ለእሳቸው! ሳምባ ቢፈቅድም ከሥሩ የኡቡንቱው የራሱ ፈቃድ አለ፣ የሚያልፈውም ሁለቱም የፈቀዱለት ብቻ ነው። ፋይሎቹን ስታይ ባለቤታቸው «ኖባዲ»፣ ማለትም «ማንም ያልሆነ» ይላል፤ እንግዳ ሆነው የገቡ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ሳምባ በዚሁ ስም መዝግቦት ኖሯል። የሁለት ዓመት ሒሳብ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ! አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው ቆመ፤ ስለ ፎልደሩ መጥፋት ካዘኑት ይልቅ ስለዚህ አዘኑ፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

ከዚያም ባለሙያዋ ለቢሮው አንድ ቡድን አበጀች፣ ፋይሎቹን ለቡድኑ ሰጠች፣ ለማኩም ልጅ የራሱን ስም ከፈተች፣ የእንግዳውን መግቢያ ዘጋች። ራውተሩ ላይም አሮጌው ኮምፒውተር ሁልጊዜ አንድ አድራሻ እንዲያገኝ አሰረችው። ያዧ ግን ተጠራጣሪ ናት፦ «መብራት ሄዶ ሲመጣስ?» አለች። ባለሙያዋ መልስ አልሰጠችም፤ ተነሥታ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቀለችው፣ ሻሂዋን እስክትጨርስ አቆይታ መልሳ ሰካችው። አሮጌው ኮምፒውተር እያጓራ ተነሣ፣ ያዧ ፎልደሩን ከፈተች፣ ያችን ቁጥር አረመች፣ አስቀመጠች፤ ባለቤቱ ላይም የራሷን ስም አየች። አዛውንቱ በዚያው ዲክላራሲዮኑን አሳትመው ለሾፌሩ ላኩ፣ ለባለሙያዋም የመልሱን ሚኒባስ ሒሳብ ጨምረው ከፈሏት።